ሁለት ስም የነበራቸው ቅድመ አያቴ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! መውሊድን ካከበርን ገና ሳምንት ቢሆነን ነው፤ ደሴ ላይ በዓል በበዓል ላይ ተደራርቧል። የጦሳ ተራራ ጉሙን አልጣለም፤ አደዩ ግን ብቅ ብሏል።

ክረምቱን አንድ ሰው ስፈልግ ከረምኩ። የአባቴን አያት። ነገሩን የቆሰቆሰው ለንደን የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። እንግሊዞች ከ1841 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጥሩ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጽፋሉ። ጎረቤቱ ከዚያ መዝገብ የቅድመ አያቱን ሥራና የልጆቹን ስም ሳይቀር አገኘ አለኝ። ቀናሁ።

እኛ ጋ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ትዝ ይለኛል። ቆጣሪው ሴት አያቴን ዕድሜያቸውን ሲጠይቃቸው «ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ሲማረኩ ፍየል እጠብቅ ነበር» አሉት። ሰገሌ 1909 ነው። ልጁ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ ሲደክመው «ሰባ» ብሎ ጻፈ።

ስለዚህ የእኔ መዝገብ ቤት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉት አክስቴ ናቸው። አቦሉ ሳይጠጣ ሰባት ቤት ቆጥረው ይጨርሳሉ። ድሮ ይህ ቆጠራ ለጌጥ አልነበረም። ሁለት ወጣቶች ሲተጫጩ ዝምድና የሚጣራው፣ ርስትም የሚረታው በዚሁ ነው። ዓመተ ምሕረት ግን የለውም፤ ከጎኑ የምጽፈው እኔ ነኝ። ወንድ አያቴ የተወለዱት «ከብቱ ያለቀ ጊዜ» ነው። ክፉ ቀን ማለት ነው፤ ከ1880 እስከ 1884። እንግዲህ አባታቸው ያኔ ጎልማሳ ናቸው። ደሴ የተቆረቆረችው በ1875 ገደማ ስለሆነ ቅድመ አያቴ ከከተማችን ይበልጣሉ። አድዋም ዘምተዋል ይባላል። (ወሎ ውስጥ ቅድመ አያቱ አድዋ ያልዘመተ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።)

ያስቸገረኝ ስማቸው ነው። ቤታችን ባለው አሮጌ ዳዊት ጠርዝ ላይ «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስም ተጽፏል። አክስቴ የሚቆጥሩት ግን ሌላ፣ የሙስሊም ስም ነው። አንድ ወር ሙሉ ሁለት ወንድማማቾች አድርጌያቸው ነበር። አክስቴ በረካው ላይ ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቦሩ ሜዳን አልተማርክም እንዴ?»

ተምሬአለሁ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላም ንጉሥ። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ወደ እኛም ቤት መግባቱን ግን ማንም አልነገረኝ።

«ታዲያ በየትኛው ስም ኖሩ?» አልኳቸው።

«ቄሱ ሲመጡ በአንዱ፣ ሚስታቸው ስትጠራቸው በአንዱ።»

«ሲሞቱስ?»

«ተዝካርም ወጣላቸው፣ ሰደቃም ተበላላቸው።» ከዚያ ወዲያ ዝም። ጀበናውን አነሡ።

ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ አደራ ተብያለሁ። ደብተሬ ላይ ግን ሁለቱንም በአንድ መስመር አስፍሬያቸዋለሁ። ከልጅ ልጆቻቸው ገሚሱ መስጊድ፣ ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ አክስቴ ቤት ሁለት ድስት የተጣደው፤ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን የታረደ። ደሴ ያላችሁ ጎራ በሉ። ቡናው ከሰዓት ነው።