ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ብየዳን ተከትዬ

ወደ ደሴ የሄደ ሰው አይጠየፍ አዳራሽን ያያል፣ የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ ይመለከታል፣ የወሎ ቡና ላይ ይቀመጣል። እኔም ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ። ዋናው ጉዳዬ ግን ብየዳ ነበር።

እንጀራዬ የፋብሪካ ጥገና ነው። ብረት ከብረት ሲገጥም ማየት ሰልችቶኝ አያውቅም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ አለ። የጭነት መኪና የሚጠግን ጋራዥ አለ። የመጠጥ ፋብሪካ አለ፣ የባቡር ሐዲድም አለ። ሙያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማየት ምቹ መንገድ ነው።

ደሴ ላይ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ገባሁ። ደጁ ላይ ቱቦላሬ፣ ላሜራና አንግል ተደግፏል። ባለቤቱ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው «አብሽር፣ ግባ። ቡናው ደርሷል» አሉኝ።

ጥግ ላይ አሮጌ የብየዳ ማሽን ተቀምጧል። ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሳ፣ መዳብ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር ነው። አጠገቡ ደግሞ በትከሻ የሚንጠለጠል ኢንቨርተር አለ። ሁለቱም ያንኑ ኤሌክትሮድ፣ ቀልጦ ብረትን ከብረት የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ያቀልጣሉ። ታዲያ የክብደቱ ልዩነት ከየት መጣ? ከመስመር የሚመጣው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። በዚህ ዝግታ የሚሠራ ትራንስፎርመር ብዙ ብረትና ብዙ መዳብ ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ ኮረንቲውን መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኮረንቲ፣ ይቀይረዋል። ከዚያ በትራንዚስተር እየቆራረጠ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ዙር እንዲመላለስ ያደርገዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ትራንስፎርመሩ ማነስ ይችላል። ከአሥር ኪሎ በታች የሆነ ማሽን የዚያን ግዙፍ ሥራ የሚሠራው በዚህ ነው።

ጋሼን ያስደሰታቸው ግን ክብደቱ አይደለም። «ያኛው መብራት ሲወርድ አብሮ ይወርዳል» አሉኝ። «ይሄ እጅህን ይሰማል።» እውነታቸውን ነው። ኢንቨርተር አምፔሩን፣ ማለትም የኮረንቲውን መጠን፣ ራሱ እየተከታተለ ያስተካክላል። ቀጭን ቱቦላሬ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምፔሩ ትንሽ ከበዛ ይበሳዋል፤ ካነሰ ደግሞ የቀለጠው ብረት ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ አይያያዝም። በእኔ እምነት የዘመናዊ ብየዳ ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሙቀትን በልክ ማድረስ። ማሽኑ ምንም ይሁን ምን፣ ጥያቄው ምን ያህል ሙቀት፣ የት ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚል ነው።

አንዱን ልጅ የተቆረጠ ቱቦላሬ አምጣ አልኩትና ውስጡን በጣቱ እንዲዳስስ ነገርኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን ጉብታ አገኘ። ቱቦላሬው ራሱ የተበየደ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጠፍጣፋ ላሜራ በሮለር ይጠቀለላል። ሁለቱ ጠርዞች ሊገናኙ ሲሉ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ዙር የሚመላለስ ኮረንቲ ያሞቃቸዋል። በዚያ ፍጥነት ኮረንቲው ወደ ብረቱ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ በጠርዙ ገጽ ላይ ብቻ ይሮጣል። የሚግለው ጠርዙ ብቻ ነው። ከዚያ በሮለር ተጨምቆ ይያያዛል። ኤሌክትሮድ የለ፣ ሽቦ የለ። በውጭ በኩል ያለው ጉብታ ወዲያው ይላጋል፤ የውስጡ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ልጁ በየቀኑ የሚቆርጠውን ብረት እንደ አዲስ አገላብጦ አየው።

ከቡናው በኋላ አንድ አይሱዙ መጣ። ሻንሲው ተሰንጥቋል። ሌላው ልጅ መስኮቱ አጠገብ ካለ መደርደሪያ ላይ 7018 ኤሌክትሮድ አንስቶ መጣ። ካርቶኑ የተከፈተ ነው፤ ከተከፈተ ሰነባብቷል። ውጭ ጭጋጉ ቤት ለቤት ይዞራል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

6013 እና 7018 በየሱቁ አጠገብ ለአጠገብ ይሸጣሉ። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች የብየዳውን ጥንካሬ ይናገራሉ፤ 60 ማለት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ የሚሸከም፣ 70 ማለት 70,000 የሚሸከም ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው 7018 ሁልጊዜ ይበልጣል ይላል። ይበልጣል፣ ደረቅ ከሆነ። ዘንጉን የሸፈነው ልባስ የተሠራው ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጅን እንዳይገባ ታስቦ ነው። ጭጋግ ሲጠጣ ግን ያ ሁሉ ይበላሻል። በቅስቱ፣ በብየዳው ብልጭታ፣ ሙቀት ውኃው ይከፋፈልና ሃይድሮጅኑ የቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ብየዳው ሲያልቅ ያማረ ነው። ስንጥቁ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ቀን ነው። ወፍራምና ጠንካራ ብረት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለዚህ ነዋ!» አሉ። ክረምት ላይ የአንድ ተሳቢ መጎተቻ በይደው ሰጥተው፣ በማግስቱ ተሰንጥቆ ተመልሶባቸዋል። ሾፌሩን «ከልክ በላይ ጭነህ ነው» ብለው ተጣልተውታል። ሾፌሩም እሳቸውን «የማይሆን ብረት ጨምረህ ነው» ብሏቸዋል። ምናልባት ሁለቱም ንጹህ ነበሩ።

መፍትሔው ውድ መሆን የለበትም። 7018ን እስኪፈለግ ድረስ በታሸገው ካርቶን ማቆየት፣ ሲከፈት 120 ዲግሪ ገደማ ባለው ማድረቂያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የረጠበው ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ እንደ አምራቹ መመሪያ መጋገር አለበት። አምፖል የበራበት ሣጥን ደረቁን ደረቅ አድርጎ ለማቆየት ይረዳ ይሆናል፤ የረጠበውን ግን አያድንም። 6013ን ደግሞ እንዲህ መጋገር አይገባም። ልባሱ ትንሽ እርጥበት ይዞ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ሌላም ጨመርኩላቸው፤ በደሴ ብርድ ወፍራም ብረት ከመበየዱ በፊት ይሙቅ። ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይመጠውና ዳር ዳሩ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል። ባሌስትራ፣ የመኪናው የብረት ስፕሪንግ፣ ግን ጨርሶ አይበየድ። ይቀየር።

የአይሱዙው ሥራ አዲስ ካርቶን እስኪመጣ ተራዘመ። ሾፌሩ አኮረፈ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን ያ ሻንሲ ከሐሳቤ አልወጣም። መንገዱ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊታችን ጭነት የሞላ መኪና ፍሬን እየያዘ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ሻንሲው ላይ ነው። አንድ ቀን መዘግየት ምንም አይደለም።

ኮምቦልቻ ሙቀቷ ደስ ይላል። ጃኬቴን አውልቄ ዞርኩ። ከተማዋ ፋብሪካ ታውቃለች። ቢራ ፋብሪካው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስባት ፋብሪካዎቿ ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ከዚያ በኋላ በጥገና ላይ ያሳለፉ በያጆች አሁንም ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የተቆረጠ ቧንቧ፣ የተነቀለ ሞተር፣ ባዶ የቀረ የማሽን መቀመጫ ነበር የጠበቃቸው። ፋብሪካ ዳግም እንዲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው በያጅ መሆኑን እዚህ ሰው ነግሮ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሐዲዱን ማየት በጣም እፈልግ ነበር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ የገነባው ነው። በግንባታው ላይ የሠራ አንድ የአካባቢው ሰው ስለ ሐዲድ ብየዳ አጫወተኝ። በድሮ ሐዲዶች መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ በብሎን ይታሰራል፤ ጎማው ባለፈ ቁጥር ይመታዋል፣ ይበላዋልም። የዛሬ ሐዲድ ተበይዶ አንድ ወጥ ይሆናል። ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በማሽን ነው። የሁለቱ ሐዲዶች ጫፍ በከባድ ኮረንቲ እየተፈነጣጠቀ ይግላል፣ ከዚያ በኃይል ይገፋና ይያያዛል።

ሁለተኛው ተርሚት ይባላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው፤ መብራት በሌለበት ሜዳ ላይ ይሠራልና። የብረት ኦክሳይድና የአሉሚኒየም ዱቄት ይቀላቀላሉ። ሲለኮስ አሉሚኒየሙ ኦክስጅኑን ከብረቱ ይነጥቃል። በዚህ ንጥቂያ የሚወጣው ሙቀት 2,500 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ብረቱ ይቀልጥና በሐዲዶቹ መካከል ወደተዘጋጀው ቅርጽ ይፈስሳል። ጀርመናዊው ሐንስ ጎልድሽሚት ዘዴውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ኤሰን ከተማ የትራም ሐዲድ ተበየደበት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሌሎች ዘዴዎች ቢመጡም፣ ሜዳ ላይ አሁንም ሥራውን ይዟል። ሰውዬው «ከማፍሰሱ ይልቅ ዝግጅቱ ይረዝማል» አለኝ። ክፍተቱ ይለካል፣ ጫፎቹ በእሳት ይሞቃሉ፣ ከብየዳው በኋላ ይሞረዳል፣ በመጨረሻም ውስጡ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል። ላዩን ብቻ አይቶ ማለፍ የለም።

ይህን ሐሳብ በሌላ በኩል ያገኘሁት የማይዝግ ብረት ከምትበይድ ወጣት ነው። በምግብና መጠጥ ፋብሪካዎች እየተጠራች ትሠራለች። ሥራዋ ቲግ ነው፤ የማያልቅ የተንግስተን ጫፍ፣ የአርጎን ጋዝ፣ በሌላ እጅ የሚጨመር ቀጭን ሽቦ። ውስጣቸው እንዲታይ ለሁለት የተከፈሉ ሁለት የተበየዱ የቧንቧ ቁራጮች አሳየችኝ። ከውጭ ሁለቱም ያምራሉ። የአንዱ ውስጥ ለስላሳና ብርማ ነው። የሌላው ጥቁርና ሻካራ፣ የተጠበሰ ስኳር የመሰለ ነው። ጥቁሩ ሲበየድ ቧንቧው ውስጥ አርጎን አልተሞላም። የጋለው ብረት ከጀርባ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ተቃጠለ። «እዚች ሻካራ ላይ ጀርም ይደበቃል። ብታጥበውም አይለቅም። ቢራው ይበላሻል፣ ወተቱ ይበላሻል» አለችኝ። ዝገትም ከዚያው ይጀምራል። «ውስጡን ካላየሁ አላስረክብም» አለች። «ጎበዝ እህቴ» አልኳት፤ ከልቤ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን ቧንቧውን ዞሮ ራሱ በሚበይድ ማሽን ያሠራሉ። ውስጡን በአርጎን መሙላት ግን እዚያም አይቀርም።

የመጨረሻው ቤት የጭነት መኪና ካሳ፣ ጭነቱ የሚገባበትን ሣጥን፣ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ወጣት ነው። ስልኩን አውጥቶ በእጅ የሚያዝ የሌዘር ብየዳ አሳየኝ። ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ ላሜራው አይጣመምም። «ይሄን ልገዛ ነው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ቪዲዮው አይዋሽም። ሌዘር ሙቀቱን በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ፈጣን ነው፣ ብረቱንም እምብዛም አያጣምም። ቀጭን የማይዝግ ብረት ላይ ድንቅ ነው። ግን ጠባብ ስለሆነ የተራራቀ መጋጠሚያን አይምርም፤ ቆረጣው ልክ መሆን አለበት። ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የዓይን ጉዳይ ነው። ጨረሩ አይታይም። ከብረቱ ነጥሮ ዓይን ውስጥ ከገባ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ተራው የብየዳ ማስክ ለዚህ አልተሠራም። የተዘጋ ክፍልና ለጨረሩ የተለየ መነጽር ይፈልጋል፣ ለአላፊ አግዳሚውም ጭምር። የእሱ ግቢ ደግሞ ወደ መንገድ ክፍት ነው። ሕፃናት ቆመው ያያሉ። ስለዚህ አሁን አትግዛ አልኩት። ለካሳ ሥራ መጀመሪያ ሚግ ይሁን። ሽቦው ሳይቋረጥ ይመጣል፣ ኤሌክትሮድ ለመቀየር መቆም የለም፣ የሚፈለፈል ቅርፊት የለም። ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን ጋዝ ነፋስ እንዳይወስደው ብቻ መጋረጃ ይበጅለት። ትንሽ ከፋው፣ ግን ሰማኝ።

ሌላም የምለው ነበረኝ። አንዱ ሠራተኛው ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ አንቀጥቅጦት ወባ መስሎት ነበር። ምን እየበየድክ ነበር ስለው ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ አለኝ። የዚንክ ጭስ ከተሳበ ከሰዓታት በኋላ እንዲህ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል። «ወተት እጠጣለሁ እኮ» አለ። ወተት ምግብ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው። ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ለልጁ ይህን ስነግረው ባለቤቱም ስልኩን አስቀምጦ ቀረበ።

ጭሱ ወደ በያጁ ፊት ከመድረሱ በፊት ከጎን መሳብ እንዳለበት ነገርኳቸው። ከጀርባ የሚነፋ ማራገቢያ የሚግን ጋዝ ይበትናል፣ ስለዚህ መንፋት ሳይሆን መሳብ ነው። አፉ ሰፋ ያለ መሳቢያ፣ በቧንቧ ወደ ውጭ፣ ጫፉ ላይ ሞተር። ለልጆቹ መሬት ላይ በጠመኔ ሣልኩላቸው። ላሜራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ሜትር አምጥቶ የራሱን የሥራ ጠረጴዛ መለካት ጀመረ።