6231 የማን ስልክ ነው?

ጅማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የዓመቱ በጀት ተለጥፎ አየሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ወረቀቱ መስታወት ውስጥ ሆኖ እንኳ ወይቧል። ቆሞ የሚያነብ ሰው የለም። በስልኬ አነሳሁትና ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት።

ዝም። አክስቴ ብቻ ደወለች። «6231 የማን ስልክ ነው?»

የሒሳብ አያያዝ ስለተማርኩ ለኔ ግልጽ ነበር፤ ቁጥሮቹ የበጀት መደብ መለያ ናቸው። 6231 የውሎ አበል ነው፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ደግሞ ነዳጅና ቅባት። ለአክስቴ ግን ከበሩ ላይ አውርጄ ስልኳ ላይ ለጠፍኩት እንጂ ምንም አልከፈትኩላትም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ እየገለበጥኩ፣ ከየመደቡ አጠገብ ትርጉሙን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ።

ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት በሁለተኛው ወር ነው። ለመንገድ ጥገና የተያዘውን ብር «ወጪ ሆኗል» ብዬ ጻፍኩ። ሰፈሩ ተንጫጫ። «መንገዱ የታለ? በሉት!» እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው አነበበኛ!

በማግስቱ ፋይናንስ የሚሠሩ ጎረቤታችን ቡና ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ የጸደቀና የወጣ አንድ ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ። ሐምሌ ላይ የጸደቀ በጀት በዓመቱ መሀል ወደ ሌላ መደብ ሊዛወር ይችላል። የተከፈለው የሚታወቀው ከወጪ ሪፖርቱ ነው። የመንገዱ ብር ገና አልተነካም ነበር። እርማቱን ያኔውኑ አወጣሁ፤ የተሳሳተውንም አላጠፋሁትም። ያነበበው ግን ከመጀመሪያው ሩቡ አይሆንም። አሁን አራት ዓምድ አለኝ፦ የጸደቀ፣ የተስተካከለ፣ የወጣ፣ ቀሪ።

የወጪ ሪፖርቱ ደግሞ በር ላይ አይለጠፍም። በቃል ስጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» ሆነ። ሦስት «ነገ» ከቆጠርኩ በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ እንደሚያዝ ጠቀስኩ። መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ እኔ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስመታሁ። በ19ኛው ቀን ተደወለልኝ። የሚሠራ ነገር ቢኖር ይቺ ማኅተም ናት፤ ከአዋጁ ይልቅ እሷን የፈሩ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የወጪ ሪፖርት ቴሌግራም ላይ ተለቋል። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ደብዳቤዬ ዛሬ 22ኛ ቀኑን ይዟል።