ቤቱ ሲሰናዳ መጽሐፉ ይከፈታል

ስለ ቤት አያያዝ የሚነገረው ምክርና ስለ ልጆች መንፈሳዊ ንባብ የሚነገረው ምክር ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚመጣው። አንዱ ስለ ልብስ እጥበትና ስለ ዕቃ አቀማመጥ ያወራል። ሌላው ስለ ቤተሰብ ጸሎት። እኛ ቤት ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ሳይከፈት የሚታደርባቸውን ቀኖች ሳስብ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። የነገ ልብስ አልደረቀም። የአንዱ ደብተር የገባበት አልታወቀም። ሁሉም ደክሞታል። በዚያ መሀል "ኑ እናንብብ" ቢባል ማን ይሰማል?

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለቱም አንድ ላይ ልጻፍ። ለራሴ ማስታወሻ ይሆነኛል። ትንንሽ ልጆች ለሚያሳድግ ሰውም አንድ ነገር ቢጠቅም ደስ ይለኛል።

ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ሲታዘዙ ሰዓቱም አብሮ ተነግሯቸዋል። ቤት ስትቀመጡ፣ መንገድ ስትሄዱ፣ ስትተኙ፣ ስትነሡ ይላል። አራቱም በየቀኑ ያሉ ተራ ሰዓቶች ናቸው። ልዩ ክፍል አይጠይቁም፣ የተመቻቸ ሁኔታም አይጠብቁም። ይህ ለእናት ትልቅ እፎይታ ነው። አዲስ ሰዓት ከየትም መፍጠር የለብኝም ማለት ነው። ያለችውን ሰዓት ማሰናዳት ብቻ ይበቃል።

የእኛ ሰዓት ከመኝታ በፊት ያለችው ናት። እሷን ለማግኘት ሥራዎቹን ወደ ፊት ገፋናቸው። የነገ ቦርሳ ከራት በፊት ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ልብሱ ከነካልሲው ወንበር ላይ ይወጣል። ካልሲ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ጠዋትን የምታበላሸው እሷ ናት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዚፕ ያላት የመረብ ከረጢት ሰጥቻለሁ። የቆሸሸ ካልሲ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከነከረጢቱ ይታጠባል፣ ከነከረጢቱ ይወጣል። ጥንዱ የጠፋበት ካልሲ መፈለግ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የሁላችንም ስልክ ሳሎን አንድ ቦታ ላይ ቻርጅ ይደረጋል፤ የእኔና የባለቤቴም ጭምር። ልጆች "ስልክ አስቀምጡ" የሚለውን ትእዛዝ አይወዱትም። አባታቸው የራሱን ሲያስቀምጥ ሲያዩ ግን ክርክሩ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ መብራት ማጥፋት። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ይረጋጋል። ትንሹ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ግን ጥርሱን ቦርሾ እንደጨረሰ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል።

ንባቡ አጭር ነው። ለትንሽ ልጅ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ልቡ እንደተንጠለጠለ ማቆምን እመርጣለሁ። "ነገስ ምን ይሆናል?" ብሎ ከተኛ በማግስቱ ጠሪ አያስፈልገውም። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚከብደው ልጅ ደግሞ እጁ ሥራ ይፈልጋል። መካከለኛው ልጄ ሲሥል ነው የሚሰማው። ቀና ብሎ አያየኝም፤ ግን ጠይቁት፣ አንድም ነገር አላመለጠውም። እኔም አንዳንዴ ትልቋ ስታነብልን የታጠበ ልብስ አጥፋለሁ። ይህ ለቃሉ ክብር ማነስ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ አይመስለኝም። የዘዳግም ትእዛዝ የተሰጠው ሥራ ላለበት ቤት ነው።

ምን እናንብብ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደስተኛል። ብዙ ቤተሰብ ከዘፍጥረት ይጀምርና ዘጸአት አጋማሽ ወይም ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። ለልጆች እኔ የምመርጠው ማርቆስን ነው። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ። ታሪኩ ይፈጥናል። ጌታ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይፈውሳል፣ ይደክመዋል። ደግሞ ማርቆስ ሌላ ሰው ያልጻፋትን ነገር ይጽፋል። ማዕበሉ ታንኳይቱን ሲመታ ኢየሱስ ተኝቶ ነበር፤ ይህን ማቴዎስም ሉቃስም ይነግሩናል። በስተኋላዋ ትራስ ተንተርሶ ነበር የሚለው ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ይህችን ትራስ ልጆቼ ፈጽሞ አይረሷትም። ትንሹ የራሱን ትራስ አቅፎ ነበር የሰማው።

የኢያኢሮስ ልጅ ታሪክም እዚያው ምዕራፍ 5 ላይ አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ሞታለች ተብሎ ቤቱ በልቅሶ ተሞልቷል። ጌታ እጇን ይዞ አስነሣት። ሁሉም በመገረም ደንግጠው ቆመው ሳለ የምትበላውን ስጧት አላቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ሞትን ካሸነፈ በኋላ የልጅቱን ረሃብ አልረሳም። ቀኑን ሙሉ ልጅ ሲያበላ፣ ሲያለብስ፣ ሲያጥብ ለዋለ ሰው ይህ ትልቅ ቃል ነው። ለልጆቹ ግን ይህን ሁሉ አላብራራሁም። "መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ብቻ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሱን ራሳቸው አገኙት።

ከብሉይ ኪዳን ዮናስ ለልጅ በጣም ይመቻል። አራት ምዕራፍ ነው። ሁሉም ስለ ዓሣው ያውቃል፣ ብዙ ሰው ግን መጨረሻውን አያነብም። መጽሐፉ የሚዘጋው በጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ዮናስን፣ ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ሰዎች ስላሉባት ስለ ነነዌ እንዴት አላዝንም ይለዋል። ብዙ እንስሶችም አሉባት ይላል። እንስሶቹም መቆጠራቸው መካከለኛው ልጄን በጣም አስደሰተው። ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም። እራት ላይ ስንነጋገርበት እያንዳንዱ የራሱን መልስ ሰጠ። እንዲህ ያለውን ንግግር ማብራሪያ ሰጥቼ ላቋርጠው አልፈልግም።

ሳሙኤልም አለ። ሕፃኑ ሳሙኤል ሌሊት ድምፅ ሰምቶ "ጠራኸኝ?" እያለ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ የሮጠበትን ልጆች ይወዱታል። እኔ ደግሞ ከእሱ በፊት ያለችውን አንዲት ቁጥር እወዳለሁ። እናቱ ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር ይላል። በየዓመቱ ቁመቱን እየገመተች ትሠራ ነበር ማለት ነው። ልጁን ለእግዚአብሔር የሰጠች እናት ልብሱን ማሰብ አላቆመችም። የአምናው ሱሪ ያጠረበትን ልጅ እያየሁ ይህች ቁጥር ትመጣብኛለች።

ዮሐንስ 6 ላይ ስለ አምስቱ እንጀራና ስለ ሁለቱ ዓሣ ስናነብ ደግሞ ቁርስራሹ ላይ ቆምን። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ጌታ ምንም እንዳይጠፋ የተረፈውን ሰብስቡ አለ። አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ያን ያህል ማብዛት የሚችል ጌታ ትርፍራፊውን አላባከነም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የምትሰበሰብ ነገር በዛች። ያጠረ እርሳስ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት፣ የወለቀ አዝራር በአንድ ቆርቆሮ ይጠራቀማል። ለሥዕልና ለጥገና ይሆናል። "አታባክኑ" ብዬ ከምለፈልፈው ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ምዕራፍ ሠርቷል።

ለትንንሾች የሚዘጋጁ ባለሥዕል የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች እንገዛለን፣ እንዋሳለንም። ጥሩዎች ናቸው። ሆኖም መጀመሪያ እኔ አነባቸዋለሁ፣ ከዚያ ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር አስተያያቸዋለሁ። የሔዋንን ፍሬ ፖም አድርገው የሚሥሉ አሉ፤ ዘፍጥረት ግን የፍሬውን ዓይነት አይነግረንም። የማቴዎስ ወንጌልም የሰብአ ሰገልን ቁጥር አይናገርም፤ ሦስት ሆኖ የተቆጠረው ስጦታው ነው፤ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ። ይህን ማወቅ መጽሐፉን ለመንቀፍ አይደለም። ትልቋ ግን ልዩነቱን ፍለጋ ወደ ወንጌሉ ሄዳ ታነባለች፣ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሲጫኑት የሚዘምር ወይም ድምፅ የሚያወጣ የሕፃናት መጽሐፍ ካላችሁ ጀርባውን አዩት። ብዙዎቹ ውስጥ የሰዓት ባትሪ የምንላት ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከላላ በካቻቪቴ አጥብቁት። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒትና በረኪናም ከፍ ብሎ ተቆልፎ ይቀመጥ። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

መጽሐፎቹን የምናስቀምጠው በቅርጫት ነው። ቅርጫቱ መሬት ላይ ነው፣ ትንሹ በራሱ እጅ ይደርስበታል። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ መጽሐፍ በደንብ ይጠበቃል፣ ልጅ ግን አይከፍተውም። የሕፃን መጽሐፍ ገጹ ይቀደዳል፣ ይላሳል። ይሁን። ጠንካራ ካርቶን ያላቸውን ለእሱ እንተዋለን። የተቀደደውን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው በፕላስተር ይጠግናሉ። የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የራሱ ቦታ አለው፣ ሲነካም እጅ ይታጠባል።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ነገር አለ። ጥቅስን ቅጣት ማድረግ። "አጥፍተሃልና ይህን ምዕራፍ ገልብጥ" የሚባል ልጅ የሚማረው ቃሉ የቁጣ ቀን ዕቃ እንደሆነ ነው። ልጅ ሲያጠፋ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይያያዝ። ያፈሰሰውን ይጥረግ፣ የሰበረውን ይጠግን፣ የበደለውን ይቅርታ ይጠይቅ። ማታ ንባብ ላይ ግን እንደ ሌላው ቀን እኩል ይቀመጥ። እንዲያውም ያን ዕለት ቅርቤ ባደርገው ይሻላል።

ከባድ ጥያቄዎችም ይመጣሉ። በጥፋት ውኃ ጊዜ ሕፃናቱስ? ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣ የእኛን አያት ለምን አላስነሣም? እንዲህ ሲጠይቁኝ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። የማውቀውንም እነግራቸዋለሁ፤ ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ፣ ትንሣኤ ተስፋችን እንደሆነ። ከዚያ ጥያቄውን ራሱን ወደ ጸሎት እንወስደዋለን። ልጅ ለእግዚአብሔር ጥያቄ ማቅረብ እንደሚቻል ከመዝሙረ ዳዊት ሊማር ይችላል። ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ?" ብሎ ጮኋልና።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት ያነሣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮም ቅዱሳት መጻሕፍትን እንደሚያውቅ ያስታውሰዋል። እነዚያ ሁለት ሴቶች በቤታቸው ምን እንዳደረጉ፣ በየትኛው ሰዓት እንዳነበቡለት አልተጻፈም። ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። እነሱም የሚታጠብ ልብስና የሚደክም ሰውነት ነበራቸው።

ትልቋ አሁን ብቻዋን ማንበብ ጀምራለች። የራሷ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ እርሳስ ሰጥተናታል። ያልገባት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች። ምን ያህል አነበብሽ ብዬ አልቆጣጠራትም። ስትፈልግ ምልክቶቿን ይዛ ትመጣለች፣ አንዳንዱን እኔ፣ አንዳንዱን አባቷ እንመልሳለን፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዳለ ይቆያል። ማርቆስን እንደጨረስን ሩትን ለመጀመር ተስማምተናል። የኑኃሚንን ንግግር የምታነበው እሷ ናት፣ ቦዔዝን አባታቸው ወስዷል፣ መካከለኛው አጫጆቹን መርጧል። ሩትን ለእኔ ትተውልኛል።