ያንን ጥግ ተይው

ትናንት ማታ እማዬ ነጠላ ጫማዋን አንስታ "ሸረሪት! መጽሐፎቼ ላይ!" አለች። "ቆዪ እማዬ" ብዬ እጇን ያዝኩ።

ሜሪላንድ ውስጥ የምንኖርበት ቤዝመንት እርጥበት አለው። ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸው መጻሕፍት ካርቶን ሥር፣ እሷ ብል የምትላት ብርማ፣ ባለ ሦስት ጭራ ተባይ እየተሽሎከለከች ነበር። ወረቀትና ሙጫ የምትበላው እሷ ናት። ክንፍ የላትም። ዘሯ ግን 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አስቆጥሯል፤ ዳይኖሰር ሳይኖር ነበረች።

ሸረሪቷ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ፊተኛው አካሏ እንደ ጉልላት ያበጠ። ድር አልዘረጋችም። ቀስ ብላ ቀረበች፣ የፊት እግሯን ዘረጋች፣ ቆመች። ከዚያ ምንም አላየንም፤ ብሏ ብቻ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

በስልኬ መብራት ጠጋ ብለን አየን። ጀርባዋ ላይ ቀጭን ክር ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ተመላልሶ መሬት ላይ ሰፍቷታል። "ጥልፍ እኮ ነው!" አለች እማዬ።

ይቺ የምትተፋ ሸረሪት ናት። ያበጠው አካሏ ውስጥ ያለውን መርዝና ሙጫ በመንጋጋዋ ትረጨዋለች፤ ከሰከንድ 1/700 ባነሰ ጊዜ! ሰው ግን አትጎዳም።

ስንቷን እንዲህ ያለች አዳኝ በመጥረጊያ ጠርጌ እንደጣልኩ ሳስብ አመሸሁ። ቤቱ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቤት ስጠርግ እማዬ ካርቶኑን እያሳየችኝ፣ "ያንን ጥግ ተይው" አለችኝ።