11 ቀን ለአንድ ማኅተም

ይህን የምጽፈው በጊዜው ማንም ስላልነገረኝ ነው። ጅማ እየኖራችሁ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ከጎጃም ወይ ከወሎ የሚመጣ ዘመድ የምትቀበሉ ሁሉ አንብቡት።

የአክስቴ ልጅ አጋሮ አካባቢ ሲለቅም ከርሞ ኅዳር ላይ ሄርማታ እኔ ቤት መጣ። ከስቷል፣ ይስላል። «ብርድ ነው እታለም፣ ያልፋል» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ግን አንሶላው በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ወባ ተመረመረ፣ የለበትም ተባለ።

ከዚህ በኋላ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያው አጠገባችን እያለ «ትልቅ ቦታ ይታይ» ብዬ በባጃጅ በቀጥታ ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድኩት። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ የጤና መድን ደብተሩን ገለጥ አድርጎ «የሌላ ወረዳ ነው፣ ሪፈርም የለው» ብሎ መለሰልን። ከፍለን መታየት እንችል ነበር። ልጁ ግን የለቀማውን ብር ለእናቱ ልኮ ጨርሷል፤ «መድን እያለኝ?» አለ። እኔም እልህ ያዘኝ።

አክስቴ እዚያ አገር ቤት ሪፈሩን ለማጻፍ ወረዳ ለወረዳ ተንከራተተች። መጀመሪያ «ታማሚው ራሱ ይምጣ» አሏት። ታማሚው ጅማ ተኝቷል! ስንት ለምና አጻፈችና ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ካርድ ክፍል ሄድኩ። ያው ሰውዬ ስልኬን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ኦርጅናል፣ ማኅተም ያለው» አለኝ። ኦርጅናሉ በሰው እጅ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጣ። መናኸሪያ ቆሜ ተቀበልኩ። 11 ቀን ሆኖናል። የዚያን ዕለት ሌሊት የሳለበትን ሶፍት ሲያጣጥፍ ደም አየሁበት።

ዛሬም የሚያናድደኝ፣ ያ ሰውዬ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አይቶ «ምኑን ነው የሚያመው?» አላለም። እኔም አልነገርኩትም።

ሲነጋ ወረቀቱን ትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብላ ነው። ወር ሊሞላው ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ቲቢ መመርመር አለበት አለችን። አክታ ሰጠ፤ ተገኘበት። ስንት ልክፈል ስላት ገርሟት አየችኝ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የአክታ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። መድን አልጠየቀችን፣ ሪፈር አልጠየቀችን። ያ ሁሉ ማኅተም ለዚህ በሽታ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ልጆቼንም አስመረመርኩ፤ ተመስገን፣ ነፃ ናቸው።

የመድን ሰዎች «ከተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ጀምሩ» ይላሉ። አገሩ ላለ ሰው ልክ ነው። ጅማ ለታመመ ለቃሚ ግን እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ደብተሩ ኪስ ውስጥ ይቆይ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ግቡ፣ ከስማችሁ ቀጥሎ ሳሉ ስንት ሳምንት እንደሆነው ተናገሩ። የካርድ ቢጠየቅ ይከፈል።

ሕክምናው 6 ወር ነው። አራቱ መድኃኒት አንድ ላይ ያለበትን የመጀመሪያውን 2 ወር እኔ ዘንድ ዋጠ። ቀሪውን 4 ወር አገሬ ልጨርስ ሲለኝ ግን የማዘዋወሪያ ወረቀት ሳይጻፍለት አልለቅህም አልኩት። ማኅተሙን ራሴ አየሁ። ከመንገድ ስንቁ፣ ከኪኒኑ ጋር በፌስታል ጠቅልዬ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘሁት።

በአራተኛው ቀን ደወለ። «እታለም፣ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ።»