ፈጽሞ የማይሞቅ መኪና

ጫማ ሲገዛ ሁለቱንም እግሩን አጥልቆ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው፣ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ የሚያወጣበትን አሮጌ መኪና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮበት «ጥሩ ነው» ብሎ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የገዢው ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሲሆን ሻጩ ኮራ፣ ደላላው ቸኮለ፣ ገዢውም «ሌላ ይቀድመኛል» እያለ ማየት የሚገባውን ሳያይ ቀብድ መክፈል ለመደ። ቀብድ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከፋዩ ውሉን ከተወ ገንዘቡ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ሙያውን የተማርኩት ገርጂ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ነው። አለቃችንን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ከጥገናው ጎን ለጎን ደንበኞች ሊገዙት ያሰቡትን መኪና እንዲያዩላቸው ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር፤ እኔም መፍቻ ተሸካሚ ሆኜ እከተላለሁ። እውነተኛው ሥራዬ ግን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በኋላ መስታወት ጭስ መጠበቅ ነበር። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ ከቀጠለ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ይህን በቃል አስጠንተውኝ ነበር።

አንድ ቀን ከዐረብ አገር የተመለሰች ወጣት ለወንድሟ የምትገዛውን ኮሮላ እንድናይላት መጣች። ወንድሟ ታክሲ ሊሠራበት ነው። ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ መሆኑን ስትናገር ጋሼ ወሬውን አላስረዘሙትም። «ቀብድ ሰጥተሻል ልጄ?» ብለው ጠየቋት። አልሰጠችም። «እንግዲያው ገና ነፃ ሰው ነሽ» አሏት።

ሻጩ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ደላላው ግን ከመኪናው ሳይወርድ ማሞገስ ጀመረ። ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ትኩስ ነበር። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንዲነሣ የሚፈልጉት በምክንያት ነው፤ ያረጀ ሞተር ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማውን ኳኳታና የሚተፋውን ጭስ፣ ከሞቀ በኋላ አያሳይም። «ከቅርብ ነው የመጣነው» አለ ደላላው። ከቅርብ የመጣ መኪና እንደዚያ አይግልም፤ ጋሼ ግን አልተከራከሩም። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን አዩ፤ ሙከራ ላይ ሰው ቢገጩ ጣጣው የእሳቸው ነውና። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን እንደገና ከፈቱ፤ ሞተሩ ሳይነሣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በሙሉ መብራት፣ ሲነሣም መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ የማይበራ ካለ አምፖሉን የነቀለው ሰው አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ደህና ነበር።

መጀመሪያ ሻጩ ነዳ፣ ጋሼ አጠገቡ ተቀመጡ። የሰው አነዳድ ስለ መኪናው ይናገራል ይላሉ፤ ባለቤቱ አንዱን ማርሽ ፈራ ብሎ የሚያስገባ ከሆነ ካምቢዮው ላይ ነገር አለ። ደላላው ሬዲዮ ከፈተ፣ ጋሼ ዘጉት። እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ዘጉት። በቀለበት መንገድ እስከ ቦሌ ደርሰን ስንመለስ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ፍሬኑ ወደ ጎን አይስብም፣ ከሥር የሚንኳኳ የለም። ልጅቷ ፊቷ በራ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ገዝቼላት ነበር።

«ይኸው ጋሼ፣ እዩት» አለ ሻጩ በጣቱ የሙቀት መለኪያውን እያሳየ። መርፌው ከሩብ በታች ነው። «ይህ መኪና ፈጽሞ አይሞቅም። እኔ ከያዝኩት ጀምሮ አንድ ቀን ሞቆ አያውቅም።»

ጋሼ መርፌውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «አሁን እኔ ልያዘው» አሉና መሪውን ተረክበው ከመገናኛ በእንግሊዝ ኤምባሲ፣ በቀበና አድርገው ወደ ስድስት ኪሎ አቀኑ።

ደላላው «ወዴት ነው?» ሲል «እንጦጦ» አሉት። «መኪና ሊገዙ ነው ወይስ ሊሳለሙ?» ብሎ ቀለደ፤ የሳቀለት ግን የለም።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነውና። ጤናማ ሞተር መሞቅ አለበት። ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ ክዳን ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል። በአብዛኞቹ የቶዮታ ሞተሮች ላይ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ ከዚያ መርፌው መሃል አካባቢ ይቆማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ከዚያም ባነሰ። ሞተራችን ሳይፈላ የሚሠራው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። መኪናው መፍላት ሲጀምር የበሽታውን ሥር ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል የቆየ የጋራዥ ዘዴ ነው። ውሃው ያለማቋረጥ ስለሚዞር በሜዳ መንገድ መርፌው ከታች አይነሣም። ባለመኪናው ደስ ይለዋል። ሞተሩ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለሚቆጥር ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ዋናው ችግርም ተሸፍኖ ይቀጥላል።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ጋሼ ማርሹን ቀንሰው ነዳጁን ረገጡ። ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም፤ ሞተሩ ሲጮኽ መኪናውም እኩል ይሄዳል። መርፌው ግን ከተኛበት ተነሣ። ሩቡን አለፈ፣ መሃሉን አለፈ፣ አላቆመም። የሻጩን ፊት በጎን አየሁት፤ የደነገጠው ከእኛ ሁሉ የበለጠ እሱ ነበር። ጋሼ ዳር ይዘው ቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ኮፈኑን ከፈቱና «ማንም ክዳኑን እንዳይነካ» አሉ። በትኩስ ራዲያተር ፊቱ የተቃጠለ ሠራተኛ ያውቃሉ።

ቁጭ ብለን በጠበቅንበት ረጅም ሰዓት ደላላው ሌላ ሥራ እንዳለው ነግሮን በታክሲ ወረደ። ሲቀዘቅዝ ጋሼ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ከፈቱ። ውሃው ጎድሏል፣ ቀለሙም የዛገ ቆርቆሮ ነው። ሞልተው ክዳኑን ሳይመልሱ ሞተሩን አስነሡና ልጅቷን ጠሯት። «ነይ እዪ ልጄ።» ከውሃው ውስጥ አረፋ በተከታታይ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይብሳል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቶ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነበር። የቴርሞስታቱ ቤት ብሎኖችም ላይ የመፍቻ ጭረት አለ፤ ቴርሞስታቱን ነቅሎ የጣለው ሰው ነበር ማለት ነው።

«እኔ እኮ ስገዛውም እንዲህ ነው የነገሩኝ» አለ ሻጩ። «‹ፈጽሞ አይሞቅም› ብለው ነው የሸጡልኝ።» አመንኩት። ሰውየው አልዋሸም፤ የተነገረውን ሙገሳ በታማኝነት እያስተላለፈ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ የሻጭን ፊት አይቶ መኪና መግዛት ከንቱ ነው የምለው፤ ቅን ሰውም የታመመ መኪና ይሸጣል።

ቁልቁል ስንመለስ ጋሼ አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። በዝቅተኛ ማርሽ፣ እግራቸውን ከነዳጅ አንሥተው ወረዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ በድንገት ረገጡት። እንዲህ ሲወረድ ሞተሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና የቫልቭ ጎማዎቹ ካለቁ ዘይት ይስባል፤ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ቡን ይላል። «ምን አየህ?» አሉኝ። ምንም አላየሁም። «ስለዚህ ሞተሩ ገና አልሞተም» ብለው ወደ ሻጩ ዞሩ። «ቴስታታውን አስፈትሽ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይር፣ ቴርሞስታቱን መልስ። ከዚያ በኩራት ትሸጠዋለህ።»

ልጅቷ አልገዛችውም። ቆየት ብላ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩ የተቀደደ ሌላ ኮሮላ ይዛን ያንኑ ዳገት ወጣን፤ መርፌው መሃል ላይ ቆሞ ቀረ፣ ገዛችው። ወንድሟ ዘይት ሊቀይር ሲመጣ እስካሁን እናገኘዋለን።

ሻጩ ግን የተባለውን አደረገ። መኪናውን እኛው ጋር አመጣ። ቴስታታው ተፈታ፣ ተጣሞ ስለነበር በማሽን ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና ቴርሞስታት ገባለት። ጋሼ የራሳቸውን ሥራም በዚያው ዳገት ፈትነው አስረከቡት። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ተናዶ ተመለሰ። ሦስት ገዢዎች መጥተው መኪናውን ነድተው ጥለውት ሄደዋል።

«ምን አጡበት?» አሉት ጋሼ።

«መርፌው መሃል ድረስ ይወጣል፣ ይሞቃል ማለት ነው አሉኝ። ጋሼ፣ ያንን ነገር መልሰው ይንቀሉልኝ።»

ጋሼ ቁልፉን ከእጁ ሳይቀበሉ እኔን ጠሩኝ። «አራተኛው ገዢ ሲመጣ አብረኸው ሂድ» አሉኝ፤ «እንጦጦ ድረስ።»