ጋሼ ሲገቡ ሲስተሙ ይወጣል

ወር መጨረሻ ነበር። የደመወዝ ሰንጠረዡ ባንክ ሳይዘጋ መላክ አለበት። ሌላ ቀን ሲስተም ቢጠፋ የኛ ቢሮ ሰው ግድ የለውም፤ እንዲያውም ቡና ይፈላል። በደመወዝ ቀን ግን ቀልድ የለም።

ፋይናንሷ ከክፍሏ ብቅ ብላ "ሲስተም የለም" አለች። ይህቺን ነገር ባንክ ቤት ተሰልፈን ስንሰማት ለምደናታል። ራሳችን ቤት ስትመጣ ግን ደነገጥን።

"ኔትወርክ ሄዶ ይሆናል" አልኳት። የት ሄዶ! ከጎኔ ያለው ልጅ ዩቲዩብ ላይ ኳስ እያየ ነው፣ ያውም ሳይቆራረጥ። የጠፉት ሲስተሙና የቢሮው ኢሜይል ብቻ ናቸው። እኔም ሞከርኩ። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በዚያው ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ተዘጋ። እንደ ፈረቃ መብራት መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ።

በዚህ መሀል ሁሉም ባለሙያ ሆነ። አንዱ "ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩት" ይላል። ሌላው "ቫይረስ ነው" ብሎ ፈርዷል። ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው አንገታቸውን አውጥተው "ሪስታርት አድርጋችሁታል?" አሉና ተመልሰው ገቡ። ይህን ከጠየቁ የድርሻቸውን እንደተወጡ ነው የሚቆጥሩት።

ያዳነችን ጸሐፊዋ ናት። በስልኳ ዳታ ብትሞክር ሰተት ብላ ገባች። ወዲያው ሆትስፖት ከፈተች። ፋይናንሷ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ እየሮጠች መጣች። ሰንጠረዡ ተከፈተ። ተመስገን!

ይሄኔ የንብረት ክፍሉ ጋሼ መጡ። "ልጄ፣ እስቲ ለኔም ስጪኝ። ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ኢሜይል አላመጣ ብሎኛል" አሏት። ጸሐፊዋ ሰው ማሳፈር አትችልም፤ ሰጠቻቸው። ብዙም ሳይቆይ በሆትስፖቱም ተዘጋ።

ጋሼ ምሳ ወጡ። ሲስተሙ መጣ። ጋሼ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተመለሱ። ሲስተሙ ሄደ። ፋይናንሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እኚህ ሰውዬ እግራቸው ደረቅ ነው" አለችኝ። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ግን ደመወዜም እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ስለዚህ "ጋሼ፣ ውጭ ደስ የሚል ፀሐይ አለ፣ ትንሽ አይሞቁም?" አልኳቸው።

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?" አሉ። ግን ወጡ። ሰንጠረዡም ወደ ባንክ ተላከ።

አይቲያችን ሲጠራ ብቻ የሚመጣ ልጅ ነው። ሲመሽ መጣና ሲስተሙና ኢሜይሉ የሚኖሩበት፣ ከቢሮ ውጭ ያለው ሰርቨር የመዘገበውን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ብቻውን ሳቀ። "ከነጋ ጀምሮ ፓስወርድ የሚሳሳት አንድ ሰው አላችሁ" አለን። የጋሼ ስም ነበር።

"እኔ? ዛሬ ኮምፒውተር የሚባል በእጄ አልነካሁም!" አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ያለው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እኛ ቤት በየ3 ወሩ ፓስወርድ መቀየር ግዴታ ነው። ጋሼ ከዋዜማው ኮምፒውተራቸው ላይ ቀይረዋል። ስልካቸው ግን ይህን የነገረው የለም። አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ፣ በየጥቂት ደቂቃው "ኢሜይሌን ስጡኝ" እያለ ያንኳኳል። ዋይፋይ ሲገቡ በዋይፋይ፣ ሆትስፖት ሲገቡ በሆትስፖት። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ደግሞ በራሳቸው ዳታ።

"እሺ፣ እኛስ ምን በወጣን?" አለች ፋይናንሷ።

ልጁ አስረዳን። ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በ192.168 የሚጀምር የራሱ ቁጥር አለው። ወደ ውጭ ስንወጣ ግን ራውተሩ ሁላችንንም በአንድ አድራሻ ነው የሚያወጣን። በተለምዶ የምንጠቀምበት አድራሻ፣ ማለትም የአይፒ ቁጥር፣ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለሆነ ለዓለም ሁሉ አይዳረስም። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ፌይልቱባን የሚባል ዘበኛ ፕሮግራም አለ። ቅንብሩን ካልነካኩት በቀር፣ ከአንድ አድራሻ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስህተት ካየ አድራሻውን ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ሰርቨሩን የተከለልን ሰው ደግሞ በኢሜይል የተሳሳተ ሲስተሙም እንዲዘጋበት አድርጎ ነው የሄደው። ዘበኛው ለሌባ ጥሩ ነው፣ አልከፋውም። ግን ሰው አይለይም፤ ለሱ ጋሼም እኔም ፋይናንሷም አንድ ሰው ነን። ምክንያቱን እንኳን አይናገርም፣ ዝም ነው የሚለው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ "ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ይሰጥ፣ ከዚያ ማን ይሳሳታል?" አሉ። አይቲው ጣሪያውን አየ። ከዚያ በትሕትና፣ ቆጠራው በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ስም ቢሆን ይሻላል አለ። ስሙንም ጨርሶ መቆለፍ አያዋጣም፣ የተጣላህ ሰው ሆን ብሎ እየተሳሳተ ያስቆልፍብሃል። ስለዚህ ሙከራውን ማዘግየት፣ ከፓስወርዱ በተጨማሪም በስልክ ኮድ መጠየቅ። ቀጥሎም፣ የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ተሰርቋል የሚያሰኝ ነገር ከሌለ ሰውን በየጊዜው ፓስወርድ አታስቀይሩ ይላል አለ።

"እኛ ኒስት አይደለንም" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

የተስማሙት በርካሹ ነው፦ የቢሮው አድራሻ ከእገዳ ነፃ ይሁን። አይቲው አጉረመረመ። የዋይፋዩ ፓስወርድ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቢገምት የሚያስቆመው የለም። ቢያንስ የእንግዳው ዋይፋይ ይለይ አለ። እሱም "ይታሰብበታል" ተባለ።

ሳምንታት ሰላም ሆኑ። ጋሼም እግረ እርጥብ ተባሉ። ከዚያ መብራት ጠፍቶ መጣ። ራውተሩ ሲነሳ ሌላ አድራሻ ይዞ ተነሳ፤ ለካ የኛ አድራሻ ቋሚ አይደለም። ያ ነፃ ፈቃድ ዛሬ በማን ቢሮ እጅ እንዳለ እግዜር ይወቀው። ይባስ ብሎ የ3 ወሩ ፓስወርድ መቀየሪያ ደረሰ። አሁን የሚያንኳኳው የጋሼ ስልክ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ነው።

ቋሚ አድራሻ በክፍያ ይገኛል ተብለን የግዢ መጠየቂያ ሞላሁ። መጠየቂያው የሚፀድቀው በሲስተሙ ነው። ፀድቆ እንደሆነ ለማየት ጠዋት ብሞክር ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ልጄ፣ ውጭ ደስ የሚል ፀሐይ አለ" አሉኝ።